ግባ ካላሉት የማይገባው

እትዬ ዑምኩልሱም ልጃቸው ኢንሳፍ ያን መጽሐፍ ስታነብ ባዩ ቁጥር «አዑዙ ቢላህ» ይሉ ነበር። እውነታቸውን ነው፤ ቫምፓየር የሚባል ደም መጣጭ ወጣት ከሰው ልጅ ፍቅር የያዘው ታሪክ ለእናት ጆሮ አይመችም። ኢንሳፍ ግን አሥራ ዘጠኝ ዓመቷ ነው። መጽሐፉን ያዋሰቻት ጓደኛዋ ፋና ስትሆን፣ የሐይቅ ከተማ ልጃገረዶች እየተቀባበሉ ሽፋኑን ጨርሰውታል።

ጦርነቱ ሐይቅን ነክቶ ያለፈው በዚያው ዓመት ነበር። ታጣቂዎች የእነ ኢንሳፍን በር በእርግጫ ሰብረው ገቡና የሟች አባቷን ሬዲዮ ወስደው ሄዱ። አልሐምዱሊላህ፣ ሰው አልነኩም። ከዚያ ወዲህ በሩ ላይ የተንጠለጠለው መጋረጃ ነው፤ ከሐይቁ ነፋስ መጥቶ ባነሳው ቁጥር ኢንሳፍ ትደነግጣለች።

እናት አንድ መላ ዘየዱ። ውጫሌ ያለ ባለሱቅ ለኢንሳፍ ሽማግሌ ሊልክ ነው።

«የብረት በር አለው አሉ» አሏት። «እዚያ ከዳርኩሽ እኔም እንቅልፍ ይወስደኛል። ከጁምዓ በኋላ ይመጣሉ።»

ኢንሳፍ መጽሐፉን ገልጣ ፊቷን ከለለችበት።

በማግስቱ እናቷ ገበያ ሳሉ፣ ከደጅ «አሰላሙ አለይኩም፣ ቤቶች» የሚል ድምፅ ሰማች። ወደ ግድግዳው ተጠጋች። ድምፁ ቆይቶ ተደገመ። በመጋረጃው ጠርዝ ብታይ፣ አንድ ወጣት መጋዝና መላጊያውን ታቅፎ ፀሐይ ላይ ቆሟል። በሩን እንዲሠራ እናቷ ያናገሩት አናጢ፣ ሙነወር ነው።

«በር የለን፤ ምን ያስቆምሃል?»

«ግባ አልተባልኩም እኮ።»

ኢንሳፍ ሳቀች። ከስንት ጊዜ በኋላ መሳቋ እንደሆነ ራሷም አላወቀችውም።

ሙነወር ግቢው ውስጥ ሥራውን ጀመረ። አምባሰል እያንጎራጎረ ይልጋል፤ እሷ ታነባለች፣ ወይም ታነባለች ይባል።

«ምን ይላል መጽሐፉ?»

«አንድ ደም መጣጭ አለ። ልጅቷን ይወዳታል።»

«ደሟን እየመጠጠ?»

«አይነካትም። ግድግዳ መናድ የሚችል ነው። ግን ግባ ካላለችው ደጃፏን አይረግጥም።»

መላጊያው ቆመ። ሙነወር የያዘውን ሳንቃ አየው። ከአሮጌው በር የተረፈ ነው፤ የጫማ ምልክት አለበት።

«እኔ ደግሞ ሴቶቹ ምን ነክቷቸው ነው ይሄን የሚወዱት እል ነበር» አለ ቀስ ብሎ። ከዚያ ምልክቱ እስኪጠፋ ድረስ ያንን ሳንቃ ሲልግ ዋለ።

ኢንሳፍ ያን ቀን ወደደችው። የልቡን ይነግረኛል ብላ ጠበቀች፤ ወይ ፍንክች። ያያታል፣ አንገቱን ይደፋል፣ ይልጋል። ሐሙስ ደረሰ፤ የባለሱቁ ሽማግሌዎች ነገ ናቸው። በሩም ተገጠመ። «ለዚህ ልጅ መላጊያ እንጂ አፍ አልተሰጠውም» ብላ በሆዷ ተናደደች።

ሙነወር ወጣና በሩን ከውጭ ዘጋው። እሷ ከውስጥ ቀረቀረችው። ተንኳኳ።

«ማነው?»

«ሙነወር ነኝ። መቀርቀሪያው ደህና እንደሆን ልየው ብዬ።»

እጇ መቀርቀሪያው ላይ ቀረ። ሳትጠራው እንደማይናገር ያን ጊዜ ገባት። ፊቱን አለማየቷም ደፋር አደረጋት።

«ሙነወር፣ ትፈልገኛለህ?»

ከውጭ መላጊያው መሬት ላይ ሲቀመጥ ተሰማ።

«ወላሂ እፈልግሻለሁ። ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ።»

«ታዲያ ምነው ዝም አልክ?»

«ያልተጠራ ሰው ገብቶባችሁ የለ? ሁለተኛው እኔ እንዳልሆን ፈራሁ። አፉ በይኝ፣ ይቅር በይኝ።»

እንባዋ መጣ። መቀርቀሪያውን ሳበችው።

«ግባ» አለችው። «ሽማግሌህንም ይዘህ ግባ።»

ጓዳ ዕቃ ያጥቡ የነበሩት እትዬ ዑምኩልሱም ብቅ አሉ፤ ሁሉንም ሰምተዋል። እጃቸው እንደረጠበ ነው።

«የብረት በሩስ፣ ኢንሳፌ?»

«ይሄኛው ያንኳኳል፣ እማ።»

እናት ወደ ደጁ ዞሩ። ሙነወር ኢንሳፍ ግባ ብትለውም አልገባም። አንድ እግሩን አንስቶ፣ ከደፉ ውጭ ቆሞ እሳቸውን ያያል። አዲሱን በር ከላይ እስከ ታች አዩት። ከዚያ እጃቸውን በቀሚሳቸው ጠረጉና፣

«ግባ እንጂ ልጄ» አሉት።