አራተኛው እጅ

ክረምት ሲገባ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ሽሮ ሜዳ ካለው አሮጌ የእንጨት ቤት የሚወጣው ሽታ ለሠፈሩ ሰው የታወቀ ነው፤ የተልባ ዘይት፣ የቀለም ማቅጠኛ፣ ዝናብ ያራሰው ሳንቃ፣ ይርጋ አፍልቶ የሚረሳው ሻይ። ሰዓሊዎቹ ቤቱን በጋራ ይሠሩበታል። መስከረም በባተ ቁጥር አንድ ዐውደ ርዕይ ያሳያሉ፤ ከዚያ በፊት ባሉት የክረምት ቅዳሜዎች ደግሞ «እጅ ማሳረፍ» የሚሉትን ልማዳቸውን ይፈጽማሉ።

ልማዱ ቀላል ነው። ሁሉም የጀመረውን ሸራ በትልቁ ክፍል ግድግዳ ላይ ይደረድራል። ከዚያ በረንዳው ላይ ይቀመጡና ተራ በተራ ብቻቸውን እየገቡ፣ በባልንጀሮቻቸው ሥራ ላይ በየሸራው አንዴ ብቻ ብሩሽ አሳርፈው ይወጣሉ። ከአንድ ማለፍ የለም። ማን የቱን እንዳሳረፈ አይጠየቅም፣ አይነገርም። ሌላው ያሳረፈውን መፋቅ ደግሞ ትልቅ ነውር ነው። ዐውደ ርዕዩ በሚከፈትበት ጠዋት ብቻ ሁሉም እየተሳሳቀ የራሱን ይናዘዛል። ለውጭ ሰው የዕብድ ሥራ ሊመስል ይችላል፤ እነሱ ግን ስንት የሞተ ስዕል በዚህ መንገድ ነፍስ ሲዘራ አይተዋል።

ልማዱን ያመጣችው እትዬ ወይኒቱ ነበረች። ግንቦት መጨረሻ ላይ ባልታሰበ ሕመም ሞተችና አምስት የነበሩት አራት ቀሩ። ነጭ ጢማቸው ሁልጊዜ ቀለም የማያጣው ጋሽ አስናቀ፣ ቀልደኛው ይርጋ፣ ገና ትምህርቷን የጨረሰችው መቅደላዊት፣ እና ትርሲት። ከሁሉም የከፋባት ትርሲት ናት። እትዬ ለእሷ አስተማሪዋም ታላቅ እህቷም ነበረች። ልጅ አልወለደችምና የትርሲትን ልጅ ናርዶስን ባየች ቁጥር፣ ለጥርሷ ሕመም የምታኝከውን ቅርንፉድ ወደ ጉንጯ ገፋ አድርጋ፣ «ይቺን ለእኔ ስጪኝና አንቺ ሌላ ውለጂ» ትላት ነበር። ትርሲትም ትስቅ ነበር። ከናርዶስ ሌላ በዓለም ላይ ማንም የላትም።

ለዘንድሮው ዐውደ ርዕይ ያሰናዳችውም የልጇን ስዕል ነበር። የስድስት ዓመቷ ናርዶስ፣ ከትልቁ ክፍል ኋላ ባለው የዕቃ ቤት ደፍ ላይ ቆማ፣ ፊቷ ወደ ብርሃኑ፣ ጀርባዋ ወደ ጨለማው። እትዬ በሕይወት ሳለች ያ ዕቃ ቤት ተቆልፎ ነው የኖረው። ወለሉ በስብሷል ትል ነበር። ትርሲት ግን እንዲህ ያለ ጥልቅ ጨለማ ሌላ ቦታ ብትፈልግ አጣችና ቁልፉን ፈልጋ ከፈተችው። ወለሉ ደህና ነበር። ልጅቷን ለሦስት ቀን ከምሳ በኋላ ደፉ ላይ አቁማ ሣለቻት።

የእትዬ አርባ በወጣ በሳምንቱ የመጀመሪያውን እጅ አሳረፉ። ትርሲት ሸራዋን ስታይ የጋሽ አስናቀን ወፍራም ቢጫ ከልጅቷ ፀጉር ላይ አገኘችው፤ እሳቸው ከብሩሽ ይልቅ የቀለም ቢላ ይቀናቸዋል። የይርጋ ቀጭን ቀይ መስመር የቀሚሱ ጠርዝ ላይ ነበር። የመቅደላዊት አረንጓዴ ነጥብ ዓይን ውስጥ ነበር፤ ትርሲት ወደደችው። ከሸራው ታችኛ ጠርዝ ደግሞ አንዲት ጣት የምታህል አመድማ ሰማያዊ ቀለም ወደ ላይ ተስባለች። ሦስት ሰው፣ አራት እጅ። አንዱ ሁለቴ አሳርፏል ብላ በልቧ ታዘበች፤ መጠየቅ የለማ።

ያን ሰሞን ናርዶስ የቀኝ እጇን አንጓ ማሻሸት አመጣች። ስትበላም ስትጫወትም ያንን እጇን ከፊቷ ዘርግታ ነው። ትርሲት ስታያት፣ በአንጓዋ ዙሪያ ጠባብ አምባር ውሎበት የወለቀ የሚመስል ቀይ ምልክት አለ። «ያምሻል?» አለቻት። ልጅቷ ራሷን ነቀነቀች። «አያመኝም። በሩን ግን ዝጊልኝ» አለች። ጀርባዋን ለመኝታ ቤቱ በር ሰጥታ መቀመጥ እምቢ ካለች ቀናት አልፈዋል። ልጅ ነገር ይዞት ይተወዋል ብላ ትርሲት በሩን ዘጋችላት።

በሁለተኛው ቅዳሜ አመድማዎቹ ሦስት ሆኑ፤ ጎን ለጎን፣ ወደ ልጅቷ የተዘረጉ። ባለፈው ቅዳሜ ያረፉት ሌሎቹ ቀለሞች ደርቀዋል፤ ይኸኛው ግን ጣት ሲነኩት ይለጠፋል፣ ይቀዘቅዛልም። ትርሲት ጎንበስ ብላ አሸተተችው። ዘይት አልሸተተም። የሸተታት ቅርንፉድ ነበር። ከዚያ ቀን ጀምሮ እንቅልፍ አጣች።

ሦስተኛው ቅዳሜ ዝናቡ ከቀትር ጀምሮ ቆርቆሮውን ሲደበድበው ቆይቶ ወደ ዘጠኝ ሰዓት ገደማ ባንዴ ጸጥ አለ። ሁሉም በየተራቸው ገብተው ወጥተዋል፤ የመጨረሻዋ ትርሲት ነበረች፣ በሩንም ራሷ ነበረች የዘጋችው። አራቱም በረንዳው ላይ ተቀምጠው ሻይ ይዘዋል። ውኃ ከአሸንዳው ጠብ ጠብ ይላል። ከእሱ ሥር፣ ከተዘጋው በር ኋላ፣ ሌላ ድምፅ ነበረ፤ ደረቅ ጨርቅ ላይ ብሩሽ ሲሳብ የሚያሰማው፣ ማንኛውም ሰዓሊ ተኝቶም ቢሆን የሚለየው፣ ቀስ ያለና የማይቸኩል ፍትጊያ። አንዴ ተሳበ። ቆም አለ፤ ወደ ኋላ ፈቀቅ ብሎ ሥራውን እንደሚያይ ሰው። ደግሞ ተሳበ።

መቅደላዊት አራቱንም ባይኗ ቆጠረች፤ ትርሲት ስትቆጥር አየቻት።

«አይጥ ነው» አለ ይርጋ። ሊቀልድ ፈልጎ ነበር።

ማንም ተነስቶ አላየም። ድምፁ ሲያበቃ የገባችው ትርሲት ብቻ ናት። ክፍሉ ባዶ ነበር። በቀኑ ብርሃን፣ ከሸራዋ ታችኛ ጠርዝ የወጣ ሙሉ እጅ የልጇን አንጓ ጨብጦ ይዟል። ትንሿ ጣት ከመካከሏ ወደ ውስጥ የታጠፈች ናት። ያቺን ጣት ታውቃታለች። እትዬ በልጅነቷ ከዛፍ ወድቃ የተሰበረችባት፣ ከዚያ ወዲህ ቀንታ የማታውቅ ጣት ናት። «ለእኔ ስጪኝ» የሚለው ቀልድ ጆሮዋ ላይ መጣባትና ትርሲት እንደዚያ ቀን በሕይወቷ ፈርታ አታውቅም።

ወጥታ ልማዱን ጣሰችው። «ሰማያዊው የማን ነው?» አለች።

«በእኔ ሸራ ላይ የለም። በእነሱም የለም፤ አይቻለሁ» አሉ ጋሽ አስናቀ። «እኛ ተራራና ቤት ነው የሣልነው። ሰው የሣልሽ አንቺ ብቻ ነሽ።»

«እፍቀዋለሁ።»

«ተይ፣ ልጄ። የሰው እጅ አይፋቅም። ይህን ያለችው ራሷ ወይኒቱ ናት። ያሳረፈው ምን አይቶ እንዳሳረፈ አታውቂም ትል ነበር።»

«ጋሼ፣ የእኔ ልጅ ናት እኮ። የያዘችው የእኔን ልጅ ነው።»

ከዚያ በኋላ በነበሩት ቅዳሜዎች ማንም ወደ ቤቱ አልመጣም።

ትርሲት ብዙ ቀን አመነታች። እናት ግን እስከ መቼ ታመነታለች? ናርዶስ ከሰውነት ተራ ወጣች። ምልክቱ ወደ ሰማያዊ አደላ። እናቷ ስታጥባት እጇን አላጥፍም አለች፤ ከፊቷ የቆመ የማይታይ ሰው የያዛት ያህል ወደ ፊት ዘርግታ ትቆያለች። በጳጉሜን ሁለተኛ ቀን፣ ፀሐይ ከደመናው ሾልካ በወጣችበት ቀትር፣ ትርሲት ልጇን ጎረቤት አስቀምጣ ብቻዋን ወደ ሰዓሊዎቹ ቤት ሄደች። መስኮቶቹን ሁሉ ከፈተች። የቀለም ቢላዋን ይዛ ሸራው ፊት ተንበረከከች።

ቀለሙ በቀላሉ አልለቀቀም። ከትልቁ ጣት ጀመረች። ቢላው ሥር ነገሩ እንደ ቀለም አልተፈረፈረም፤ እየተለጠጠ፣ እየተመለሰ፣ ቅርንፉዱ አፍንጫዋን እስኪሰነፍጣት እየሸተተ ነው የተላቀቀው። አንዱን ስታነሳ የቀሩት ይጠብቃሉ፤ ዓይኗ ይሁን ፍርሃቷ ባታውቅም የተሳለችው ልጅ አንጓ በጣቶቹ መካከል ሲነጣ አየች። እያለቀሰች ፋቀች። «ይቅር በይኝ እትዬ፣ ልጄን ተዪልኝ፣ አንቺ ሞተሻል» አለች። የታጠፈችው ትንሿ ጣት የመጨረሻዋ ነበረች። እሷ ከሌሎቹ ሁሉ በላይ ታገለች። እሷም ስትለቅ ክፍሉ ውስጥ አንድ ረጅም ትንፋሽ ወጣ። ሽታው ጠፋ። ዕቃ ቤቱ በር ላይ የተንጠለጠለው ቁልፍ ለጥቂት ጊዜ ተወዛወዘና ቆመ።

ወደ ቤት የተመለሰችው እየሮጠች ነው። ናርዶስ እጇን አውርዳለች። አንጓዋ ላይ ቀይም ሰማያዊም የለም። ትርሲት አቅፋ ሳመቻት፤ ደጋግማ ሳመቻት። ልጅቷ ዝም ብላ ተሳመች። በዚያ ሳምንት ስለ በርም ስለ ምንም አልጠየቀችም፤ የተሰጣትን በላች፣ ተቀመጪ የተባለችበት ተቀመጠች። ትርሲት ዳነችልኝ ብላ የተሳለችውን ስለት አስገባች። አዲስ ዓመቱንም በደስታ ተቀበሉት።

መስከረም ሦስት ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት ላይ የዐውደ ርዕዩ አዳራሽ ተከፈተ። በትላልቆቹ መስኮቶች ፀሐይ ትገባለች፤ አዲስ ቀለም የተቀቡት ግድግዳዎች ያብለጨልጫሉ፤ ሰው ገና በተን በተን ብሎ ይገባል። አራቱ ሰዓሊዎች እንደ ልማዳቸው እየዞሩ ተናዘዙ። ይርጋ ቀይ መስመሩን አመነ። መቅደላዊት ነጥቧን አመነች። ጋሽ አስናቀ ከትርሲት ሸራ ፊት ሲደርሱ የተፋቀውን ቦታ አዩና ቢጫዬ የቱ ነበር እያሉ ሌላ ነገር አወሩ። ከብዙ ጊዜ በኋላ ተሳሳቁ።

ናርዶስ ግን አልሳቀችም። የእናቷን እጅ ይዛ ስዕሉን ስታይ ቆየች።

«እማዬ፣ የእትዬን እጅ ለምን ፋቅሽው?» አለች።

ትርሲት ደነገጠች፤ ስለዚያ እጅ ለልጇ አንድም ቀን አውርታላት አታውቅም። በርከክ ብላ በጆሮዋ፣ «አንቺን ልትወስድብኝ ነበራ፣ የኔ ማር» አለቻት።

«አይደለም» አለች ልጅቷ፣ እንደ ትልቅ ሰው ረጋ ብላ። «እነሱ ወደ ውስጥ ሲጎትቱኝ የያዘችኝ እሷ ነበረች እኮ።»

ትርሲት ቀና ብላ ሸራውን አየች። በገዛ እጇ ደፉ ላይ የሣለቻቸው ሁለት ትናንሽ እግሮች ደፉ ላይ አልነበሩም፤ ከጉልበት በታች ያለው ሁሉ ጨለማው ውስጥ ገብቷል። «እነማን?» ብላ ሳትጨርስ፣ አጥብቃ የያዘቻት ትንሽ እጅ ከመዳፏ ውስጥ በቀስታ ወደ ኋላ መንሸራተት ጀመረች።