ቅርጹን የሸጠ ሰው

ንጉሡ በነገሡ በዘጠነኛው ዓመት፣ ጎዳናው ሁሉ በዘይት መብራት በሚታይበት ዘመን፣ የከተማው ሹም በየደጃፉ ፋኖስ እንዲሰቀል አዋጅ አስነገረ፤ ነፋስ የማያጠፋውን የነሐስ ፋኖስ ፈልስፎ ከቤተ መንግሥት የብቸኝነት ፈቃድ ለተቀበለው ፋኖስ ሠሪም ሲሳይ ከደጁ መጣለት። ያለ እርሱ ፈቃድ ያን ፋኖስ የሚሠራ ሰው ምድጃው እንዲፈርስ በማኅተም ተጽፎለት ነበር።

የሰውዬው ዓይን ግን ከገበያው ይልቅ ያረፈው በእኅቱ ባል ምድጃ ላይ ነው። ከአዋጁ በፊት የቀለጠ ነሐስ የሚፈስበት አዲስ ቅርጽ ማውጫ ሲሠራ፣ አሮጌውን ለዚሁ አማቹ በደህና ዋጋ ሸጦለት ነበር፤ ሲሸጥም "ፋኖስ አውጣበት" አላለ፣ "አታውጣበት" አላለ፤ ገንዘቡን ተቀብሎ ዝም አለ። አሁን አማቹ ፋኖስ እያወጣ መሸጡን ሲሰማ ግን ከሰሰው።

በችሎቱ ዋዜማ እኅቱ መጣች፤ እርሱም ግቢ አላላትም።

"ወንድም ጋሼ፣ ምድጃው ከፈረሰ ልጆቼን ምን ላብላቸው?"

"ሌባ ስታገቢ ነበር ማሰብ።"

"ሌባ? በገዛ እጅህ ሸጠህለት?"

"የሸጥኩት ዕቃ ነው። ፈቃድ አልሸጥኩም።"

"አንተማ ከሆድህ በቀር ዘመድ የለህም!" ብላው ሄደች።

በማግሥቱ ቅርጽ ማውጫው ከችሎት ቀረበ፤ አዛውንቱ ዳኛ እያገላበጡ አዩትና፣ "ከፋኖስ ሌላ ምን ይወጣበታል?" ሲሉ ጠየቁ።

ፋኖስ ሠሪው የቀጠረው ነገረ ፈጅ የጥያቄውን መዘዝ ስላወቀ ፈጠን ብሎ፣ "ብዙ ነገር ጌታዬ! የበር ደወልም፣ የሙቀጫ ዘነዘናም ይወጣበታል" አለ።

"ዘነዘና?" ፋኖስ ሠሪው ከመቀመጫው ዘሎ ተነሣ። ነገረ ፈጁ ካባውን ቢጎትተው አልሰማም። "ጌታዬ፣ ጠጉሬ የሸበተው በዚህ ነው! ከእኔ ፋኖስ በቀር አንዲት ነገር አይወጣበትም!"

ከአፍ ከወጣ አፋፍ ነው። ነገረ ፈጁ ወረቀቱን አጣጥፎ ተቀመጠ።

"እንግዲያ ለአማችህ ምን ሸጥክለት?" አሉ ዳኛው። "ለሌላ ሥራ የማይሆን ዕቃ ሸጦ ዋጋውን የበላ ሰው፣ በአፉ ባይናገር እንኳ የመሥራቱን ፈቃድ አብሮ ሰጥቷል፤ ሰጥቶ መንሣት የለም። ምድጃው አይፈርስም።"

እኅቱ ከሕዝቡ መካከል እልል አላለችም፤ ወንድሟን ትኩር ብላ አየችው፣ እርሱም ፊቱን አዞረ።

ያ ፍርድ ለብዙ ነጋዴና አንጥረኛ መጠጊያ ሆነ፤ ሕግ አዋቂዎችም ከትውልድ ወደ ትውልድ እየጠቀሱት ኖሩ፤ የዳኛውንም ጥበብ አደነቁ። ከዓመታት በኋላ እኅቱ በሞተችበት ዕለት ወንድሟ ለለቅሶ እንኳ ሥራ እንዳልፈታ ግን የጻፈ የለም።