በሰው ለቅሶ

«እትዬ የሺሐረግ፣ ስሙን አይጥሩት። ለወንድሜ አንድ ስንኝ ብቻ ያውርዱለት» አለች አይናዲስ፣ የአልቃሿን ነጠላ ጫፍ ይዛ።

የሺሐረግ ወደ ድንኳኑ በር አየች። የቀበሌው አብዮት ጠባቂ ታደሰ ጠመንጃውን አንግቶ ቆሟል። «እኔም ልጆች አሉኝ፣ የኔ ልጅ። እኔንም ይጨምሩኛል» አለችና ነጠላዋን ቀስ ብላ አስለቀቀች።

ለቅሶው የሽማግሌው የአቶ ብሩ ነበር። አሰበ ተፈሪ ውስጥ የሚያውቃቸው ሁሉ መጥቶ ደረቱን ይመታል። ለአይናዲስ ወንድም ለኃይለየሱስ ግን ማንም አላለቀሰም። «ፀረ አብዮተኛ» ብለው ገደሉት፤ ሬሳውን ከለከሉ፤ ለቅሶ እንዳይቀመጡለትም አዘዙ። ከዚያ ወዲህ እናቷ ዘርፈሽዋል አላነባችም፣ አልተናገረችም። እህል ሲያቀርቡላት ፊቷን ወደ ግድግዳ ታዞራለች። አይናዲስ ደግፋ ያመጣቻት በሰው ለቅሶ ተከልላ ይውጣላት ብላ ነው። እናቷ ግን እዚህም ድንጋይ ሆና ተቀመጠች።

«እንዲህ እንደ ሆነች ልትሞትብኝ ነው» አለች አይናዲስ በልቧ። ብድግ ብላ ወደ መሃል ገባች። ራሷ ሙሾ አወረደች።

«ዋርካው ሲወድቅማ አገር ተላቀሰ፣
ቀንበጡ ሲቀጠፍ ማን እንባ አፈሰሰ?»

ዘርፈሽዋል «ልጄን!» ብላ ጮኸች፤ መሬት ላይ ተደፋች።

ታደሰ ሰው እየገፋ መጣ። ከኃይለየሱስ ጋር አንድ ክፍል የተማረ ልጅ ነው።

«ቀንበጡ ማነው?»

«የሟቹ የልጅ ልጅ ነው! መሰላ ላይ በኩፍኝ የሞተው» አለች የሺሐረግ ፈጥና።

«እሷን ነው የጠየቅኩት። አይናዲስ፣ እውነት ነው?»

«ወንድሜ ነው፤ አንተም ታውቀዋለህ» የሚለው ቃል ከንፈሯ ላይ ደርሶ ነበር። ቁልቁል አየች። እናቷ ቀሚሷን ጨምድዳ ይዛታለች። የቀረቻት ልጅ እሷ ብቻ ናት።

«አዎ። የልጅ ልጃቸው ነው።»

ወንድሟን በገዛ አፏ የካደችው መሰላት። ታደሰ ዓይኑን ሰብሮ ወደ በሩ ተመለሰ። የሺሐረግ ድምጿን ከፍ አድርጋ ሙሾውን ተቀበለች፤ ሴቶቹም ተከተሏት።

አይናዲስ ተንበርክካ አፏን እናቷ ጆሮ ላይ አደረገች።

«ኃይለየሱስ» አለች።

ዘርፈሽዋል በእንባ የራሰ ፊቷን ቀና አደረገች። «ድገሚልኝ።»

በጩኸቱ መሃል ስሙን ደገመችላት።