ኤክስ ሲደመር ስልሳ ሁለት

መምህር ኔስቶር ገደሉ ውስጥ ድንጋይ ላይ ወድቆ ተገኘ። ከገደሉ በላይ በተወጠረው ሽቦ ሰው የሚያሻግረው ቅርጫት አጠገቡ ተሰባብሯል፤ የደረቀ ኮኮናት የታጨቀበት አንድ ጆንያ ሳይቀደድ እዚያው ተጋድሟል። ፀሐይ ሳትበረታ ሰፈሩ ፈርዶ ጨርሶ ነበር፦ ገዳዩ ቅርጫት ሳቢው ጋሼ ኢስኮ ነው፣ ከልክ በላይ ጭኖ ነው ተባለ። ሽማግሌው በካቴና ታሰረ። ለመፍረድማ ማን እንደ እኛ!

መርማሪዋ ሊግያ ካባሉና ከከተማ መጣች። መጀመሪያ ያየችው የሽቦውን ጫፍ ነው።

«በመጋዝ ቢቆረጥ እኩል ይሆን ነበር» አለች። «ይሄ ከብዶት ነው የተበጠሰው።»

ርዕሰ መምህር ሩፎ እፎይ አለ። ባለፈው ሳምንት ከሟቹ ጋር በዚሁ ሽቦ ጉዳይ ተጣልቶ ስለነበር ከማለዳ ጀምሮ ያልበው ነበር።

«ስንት ጫኑ ጋሼ?» አለች ወደ ኢስኮ ዞራ።

«አንድ መምህርና አንድ ጆንያ። ጆንያው ላይ በከሰል ሰማንያ ተጽፏል። ከትናንት ወዲያ እትዬ ሳቤል መጋዘን ሲመዘን ቆሜ አይቻለሁ።»

«የቅርጫቱ ልክስ?»

«መቶ ሃምሳ ኪሎ። አንዲት ኪሎ አልጨምርም! የሰፈሩ ልጆች እኮ በዚሁ ነው ትምህርት ቤት የሚሻገሩት።» የታሰሩ እጆቹን ዘረጋ። «እንደ ልጄ የማየውን መምህር ከገደልኩት ስቀሉኝ!»

የጆንያው ባለቤት እትዬ ሳቤል ከንፈሯን መጠጠች። «ኤዲያ! ዓይኑ ደክሟል፤ ሌላ ጆንያ ደርቦ ይሆናል።»

«ገደሉ ውስጥ ያለው አንድ ብቻ ነው እትዬ» አለች መርማሪዋ።

ሊግያ ጆንያውን ፈታች፤ ክንዷን እስከ ክርኗ ከትታ ከመሃሉ አንድ ቁራጭ ኮኮናት አወጣችና ምላሷ ላይ አደረገች። ፊቷ ተጨማደደ። ጆንያው እንዲመዘን አዘዘች።

በማግስቱ ሰባተኛ ክፍል ውስጥ ሰበሰበችን። የመምህሩ የመጨረሻ ትምህርት ሰሌዳው ላይ እንዳለ ነው፦

x + 62 ≤ 150

«ይቺን ያለእኩልነት ልጆቹን ያስተማረው ራሱን ምሳሌ አድርጎ ነው» አለች። «ስልሳ ሁለት የእሱ ክብደት ነው። ኤክስ አብሮት የሚጫነው ዕቃ ነው። ስልሳ ሁለትን ከመቶ ሃምሳ ቀንሱ፤ ኤክስ ከሰማንያ ስምንት መብለጥ የለበትም። መምህሩ ሰማንያ የሚለውን አንብቦ ገባ። እኔ ስመዝነው ግን ዘጠና ስድስት ኪሎ ሆነ።»



«ገደሉ ሥር ያለው ወንዝ ነዋ ያራሰው!» አለች ሳቤል።

«የቱ ወንዝ? ከፋሲካ ወዲህ ደርቆ የለ እንዴ? ደግሞ የወንዝ ውሃ መቼ ጨው ጨው ይላል? ይሄ እስከ መሃሉ የባሕር ውሃ ጠጥቷል። ኢስኮ ፊት ሲመዘን ደረቅ ነበር። ከዚያ ያደረው እርስዎ መጋዘን ነው፤ ቁልፉም አንገትዎ ላይ ነው። ማዶ ያለው ገዢ እንደገና ስለሚመዝን፣ እንዲከብድልዎት አራሱት።»

«ከልኩ ያለፈው ስምንት ኪሎ ናት እኮ!» ሳቤል ጮኸች። «ልክ ሲያወጡ መቼም ትንሽ ትርፍ ይተዋሉ! በስምንት ኪሎ ሰው ይሞታል ብሎ ማን ያስባል?»

«ያ ሽቦ አርጅቷል፤ ትርፉን ከጨረሰ ቆይቷል። መምህሩ ይቀየር ብሎ የተጣላው ለዚህ ነው።»

ሩፎ አንገቱን ደፋ።

«ጠይቋት ነበር» አለ ጋሼ ኢስኮ በቀስታ። «እግሩን ከማስገባቱ በፊት "እትዬ፣ እርግጥ ሰማንያ ነው?" አላት። "በእናቴ አጥንት!" አለችው።»

ካቴናው ከሽማግሌው እጅ ወጥቶ እሷ እጅ ላይ ገባ። እኛ ፈራጆቹ መሬት መሬት እናያለን።

ጋሼ ኢስኮ ፊደል አያውቅም። ቁጥርና ያቺን የመብለጥ ምልክት ግን ቅርጫቱን እየሳበ ከመምህሩ ተምሯል። የታሰረበትን እያሻሸ ሰሌዳው ጋ ሄደና ጠመኔ አነሳ፤ ከመምህሩ ጽሑፍ ሥር ቀስ ብሎ ጻፈ፦

158 > 150

«ልክ ነኝ መምህሬ?» አለ። ከዚያ ትንሿ የተማሪ ወንበር ላይ ተቀምጦ ስቅስቅ ብሎ አለቀሰ።