ሰማያዊ ሲባጎ

ላውሪ ጊር እሑድ እኩለ ቀን ላይ በስኬርዊክ ድንጋያማ ዳርቻ በጀርባው ተዘርግቶ ተገኘ። የራስ ቅሉ ተሰንጥቋል፤ ቆሻሻ የሚለቅምበት ጆንያ ከጎኑ ወድቋል።

«ማለዳ ነው የሞተው» አለ ሐኪሙ። «ከአለቱ ላይ የወደቀውም ወደ ኋላ ነው። ተገፍቷል።»

ኢንስፔክተር ኦስላ ሄንሪ ሬሳውን አይታ ስታበቃ ወደ ሞቱት ወፎች ዞረች። ላውሪን ጨምሮ የደሴቲቱ በጎ ፈቃደኞች በየወሩ ዳርቻውን እየዞሩ ባሕር የተፋውን ፕላስቲክና የሞተ ወፍ ይቆጥራሉ፤ አንዱ ወፍ ሁለቴ እንዳይቆጠር ክንፉ ላይ የወሩን ሲባጎ ያስሩበታል። የሚያዝያው ሰማያዊ ነው። ከላውሪ እግር አሥር እርምጃ ርቆ የወደቀው ወፍ ሲባጎው ታስሮበታል፤ እግሩ ላይ ደግሞ የእሱ ብቻ የሆነ ቁጥር ያለበት የብረት ቀለበት አለ። ኦስላ ቁጥሩን ጻፈችው።

መንደሩ ግን ምርመራ አላስፈለገውም፤ ገዳዩ ኤርለንድ ራተር ነው ብሎ ፈርዶ ጨርሷል። ኤርለንድ በዚያ ዳርቻ ለዓሣ እርባታው የጀልባ ማቆሚያ መሥራት ይፈልጋል። ጉዳዩ ማክሰኞ በምክር ቤት ይታያል፤ እንቅፋት የሆነበትም ዳርቻው ሊጠበቅ እንደሚገባ የሚያሳየው የቆጣሪዎቹ የሃያ ሁለት ዓመት መዝገብ ነው።

«ላውሪን ቅዳሜ መጠጥ ቤት ውስጥ ዝተህበታል» አለችው ኦስላ።

«አዎ ዛትኩ! ለወፍ ሬሳ ብለህ የሰው ጉሮሮ አትዝጋ አልኩት።»

«እሱስ?»

«‹እስከ ማክሰኞ ታገሥ፤ ደስ የሚልህ ነገር ትሰማለህ› አለኝ። ታዲያ ደስ ሊያሰኘኝ የመጣ ሰው ምን አድርጎኝ ልግደለው?»

ሁለተኛው ቆጣሪ ጊድዮን ማውት ቤቱ ከባሕሩ ፊት ለፊት ነው። ቅዳሜና እሑድ የት እንደዋለ ስትጠይቀው ሳቀ።

«የት እሄዳለሁ? ደጄ ላይ ቴሌስኮፔን ታቅፌ ነዋ። ሚስቴ ‹እኔን እንዲህ አፍጥጠህ አይተኸኝ ታውቃለህ?› ትላለች።» በቴሌስኮፑ ያነበበውን የወፎች ቀለበት ቁጥር የሚጽፍበትን ማስታወሻ ሰጣት። ኦስላ ቅዳሜ ምሽት የጻፈውን ሁለት ጊዜ አነበበችው።

የቆጣሪዎቹ መሪ ሚና ኢስቢስተር ኦስላን ሒሳብ ያስተማሯት ጡረተኛ መምህርት ናቸው። ሻይ ቀዱላት።

«የዚህን ወር መቼ ቆጠሩ፣ መምህር?»

«ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ። እሑድ ከቤቴ አልወጣሁም። የቆጠራ ቅጹ ላይ አለልሽ እኮ ልጄ።»

ኦስላ ሻይዋን ሳትጨርስ ወጣች።

ሰኞ ሦስቱንም በመንደሩ አዳራሽ ሰበሰበቻቸው። ኤርለንድ ወንበር እንኳ አልሳበም።

«ካቴናው የታለ? ጨርሺና ልገላገል!»

«ቁጭ በል። መጀመሪያ የላውሪ ነገር። በየካቲት እግሩ ተሰብሮ ዋናው ከተማ ሆስፒታል ተኝቶ ነበር። የየካቲት ቅጹ ግን በእሱ ፊርማ ተሞልቷል። ምድጃው ዳር ቁጭ ብሎ የስንት ወር ቅጽ እንደሞላ እሱ ይወቀው። ማክሰኞ ሊናገር የነበረው ይህንን ነው።»

«የጌታ ያለህ!» አለ ጊድዮን። «ይሄ ከተሰማ መዝገቡን በሙሉ ይጥሉታል!»

«አዎ። ስለዚህ የላውሪ አፍ ቢዘጋ የሚጠቀመው ኤርለንድ አይደለም። መዝገቡን የሚወድ ሰው ነው።» ኦስላ አንድ ቅጽ ጠረጴዛው ላይ አኖረች። «ይህ የመምህር ሚና ነው፤ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ይላል። ሰባት የሞቱ ወፎች፤ የአንዱ ቀለበት ቁጥርም ተጽፏል፤ ላውሪ አጠገብ የወደቀው ወፍ ቁጥር ነው። ጊድዮን፣ ይህን ቁጥር ታውቀዋለህ?»

ጊድዮን ጎንበስ ብሎ አነበበ። ቀስ ብሎ ቀና አለ።

«ቅዳሜ ጀምበር ስትጠልቅ አይቼዋለሁ። አለት ላይ ቆሞ ነበር… በሕይወት።»

«ቅዳሜ ምሽት በሕይወት የነበረ ወፍ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ሞቶ ሊቆጠር አይችልም። የሌሊቱ የባሕር ሙላት ነው ያወጣው። መምህር፣ የቆጠሩት እሑድ ማለዳ ነው፤ ላውሪም እዚያው መጣብዎ። ቀኑን ዋሹ። ወፉን መተው ግን አልሆነልዎትም።»

ሚና እጃቸውን ቅጹ ላይ አሳረፉ።

«ለምኜዋለሁ» አሉ። «ከማክሰኞ በኋላ ተናገር አልኩት። ‹ኅሊናዬ አላስተኛ አለኝ› አለ። የእሱ ኅሊና! የእኔ ሃያ ሁለት ዓመት በእሱ ስንፍና ይሂድ? አንዴ ነው የገፋሁት፣ ኦስላ። አንዴ ብቻ።»

«ያንን ወፍ ባይጽፉት ኖሮ አልደርስብዎትም ነበር።»

«እንዴት አልጽፈው? እዚያ ነበረ እኮ!»

ኤርለንድ ፊቱን ወደ መስኮቱ መለሰ። ሚና ኮታቸውን ቆለፉና በሩ ጋ ሲደርሱ ቆሙ።

«ነገ ቅጾቹን ለምክር ቤቱ ትወስጃቸዋለሽ፣ ልጄ?»

«ሁሉንም እወስዳለሁ።»

«የላውሪንም?»

ኦስላ እኚህን ሴት ትወዳቸው ነበር። መዋሸትም አማራት።

«የላውሪንም፣ መምህር።»

ሚና ራሳቸውን ነቀነቁ። «ልክ ነሽ» አሉ፤ ያን ጊዜ ነው ያለቀሱት።