ሳይተረጎም የቀረው

«ምን አለች? ፀዲዬ፣ ምን አለች ዶክተሯ?»

ፀዲ ስልኩን በሁለት እጇ ይዛ የትምህርት ቤቱ ደረጃ ላይ ተቀምጣለች። ምሳ ሰዓት ስለሆነ ኮሪደሩ በጩኸት ተሞልቷል። ስክሪኑ ላይ አክስቷ ውብነሽ ቴክሳስ ውስጥ በአንድ ሆስፒታል አልጋ ላይ ጋደም ብላለች። ከአጠገቧ የቆመችው ዶክተር ተናግራ ጨርሳ የፀዲን አፍ እየጠበቀች ነው።

ፀዲ ዕድሜዋ አስራ አምስት ነው፤ ከስምንት ዓመቷ ጀምሮ የቤተሰቡ አስተርጓሚ ናት። የአፓርትመንቱ ደብዳቤ፣ የመንጃ ፈቃድ ቢሮው፣ የጥርስ ሐኪሙ፣ የወላጆች ስብሰባው ሳይቀር ሁሉም በእሷ አፍ አልፏል። ስለ ራሷ ውጤት የተባለውን ለእናቷ ስትተረጉም ትንሽ ማጣፈጧን አንክድም። ያን ያህል ኃጢአት የሌለበት አስተርጓሚ ካለ ይምጣና ይውቀሳት።

ሆስፒታሉ አስተርጓሚ አጥቶ አልነበረም። «አማርኛ የሚችል ሰው በስልክ እናገናኝሽ» ብለዋት ነበር። ውብነሽ ግን በጄ አላለችም። «አበሻ ከሆነማ ይቅርብኝ! የማን ዘመድ እንደሆነ ምን አውቃለሁ? እሁድ ቤተ ክርስቲያን ስደርስ ወሬው ቀድሞኝ ይጠብቀኛል» አለችና ለፀዲ ደወለች። ባሏ ሳህሉ የጭነት መኪና ሹፌር ነው፤ ከወጣ ሦስት ቀኑ ነው፤ እስከ ሐሙስ አይመለስም።

ዶክተሯ የተናገረችው ግልጽ ነበር። የሽርት ውሃው ፈሷል። እርግዝናው ገና አስራ ስምንት ሳምንት ነው። የፅንሱ ልብ ለጊዜው ይመታል፤ በሕይወት የሚተርፍበት ተስፋ ግን የለም ማለት ይቻላል። እናትየውንም ያሰጋታል፤ ኢንፌክሽን ከጀመራት በሰዓታት ውስጥ ሊከፋ ይችላል። እረፍት ታድርግ። ትኩሳት ወይም ብርድ ብርድ ካላት በፍጥነት ትመለስ። «እዚህ ልናደርግላት የምንችለው መጠበቅ ብቻ ነው» ስትል «እዚህ» የሚለውን ጠበቅ አደረገችው። ቀጥላም ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ «ሌላ ስቴት ውስጥ ቤተሰብ አላት?» ብላ ጠየቀች።

«እኛ አለን፤ ሜሪላንድ» አለች ፀዲ በእንግሊዝኛ።

«ሜሪላንድ» አለች ዶክተሯም። አንድ ነገር ልትጨምር አፏን ከፍታ ተወችው።

ይህን ሁሉ አሁን ፀዲ በአማርኛ መናገር አለባት። ውብነሽ ይህን ልጅ ስድስት ዓመት ጠብቃዋለች፤ ተስላለች። አሁን ደግሞ ብቻዋን ናት። ፀዲ ካደገችበት ቤት የተማረችው አንድ ነገር ቢኖር ክፉ ወሬ ለብቻው ላለ ሰው እንደማይነገር ነው። ሰው ይሰበሰባል፣ ሽማግሌ ይቀመጣል፣ ቀስ ተብሎ ይጀመራል። እንዲህ ያለ ነገር ከትምህርት ቤት ደረጃ ላይ፣ ያውም በስልክ፣ እንዴት ተብሎ ይነገራል?

«እ... ትንሽ ውሃ ፈሷል አለች። እረፍት አድርጊ። ትኩሳት ካለ ተመለሺ ብላለች።»

«ልጁስ?»

«ልቡ ይመታል።»

«ተመስገን! ተመስገን አምላኬ!» ውብነሽ እየሳቀች ፊቷን በሁለት እጇ ሸፈነች። ዶክተሯ በሽተኛዋ ስትስቅ አይታ ግራ ገባት። «ለእናትሽ እንዳትነግሪ፤ በከንቱ ትደነግጣለች። እሺ የኔ ቆንጆ?»

«እሺ» አለች ፀዲ። ሆድ ይፍጀው አለችና ስልኩን ዘጋች።

በማግስቱ የሲቪክስ አስተማሪያቸው ባዶ የአሜሪካ ካርታ አደለ። ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ ከሁለት ዓመት በፊት ለፅንስ ማቋረጥ የነበረውን ሀገር አቀፍ ጥበቃ ስላነሳ፣ አሁን እያንዳንዱ ስቴት የራሱን ሕግ ያወጣል። ተማሪዎቹ ሕጎቹን እያነበቡ ስቴቶቹን በሦስት ቀለም ሊለዩ ነው፤ የተፈቀደበት አረንጓዴ፣ በሳምንት የተገደበበት ቢጫ፣ የተከለከለበት ቀይ።

ከፀዲ ጎን የተቀመጠው ቢንያም የአስፐን ሂል ሰፈር ልጅ ነው፤ ከማንበብ ማውራት ይቀናዋል። «ዌይት፣ ቴክሳስን ስሚ» አለ። «ዶክተሩ ማቋረጥ የሚችለው የእናትየው ሕይወት አደጋ ላይ ሲወድቅ ነው። ከዚያ በፊት ካደረገው እስር ቤት ሊገባ ይችላል። ብሮ፣ አደጋው ደጅ ቆሞ ቢታይስ? ገብቶ እስኪቀመጥ ይጠበቃል ማለት ነው? እዚህ ሜሪላንድ ግን ያቺው ሴትዮ፣ በዚያው ቀን፣ ራሷ ትወስናለች። አንድ ሀገር አይደለም እንዴ?»

የፀዲ ቀይ እርሳስ ቴክሳስ መሃል ላይ ቆሟል። «እዚህ» ነበር ያለችው። «ሌላ ስቴት ውስጥ ቤተሰብ አላት?» ዶክተሯ ለጨዋታ አልነበረም የጠየቀችው። በግልጽ ልትናገር የፈራችውን ነገር ለፀዲ ማቀበሏ ነበር፤ ፀዲ ደግሞ እንደ ጎረቤት ወግ ሰምታ አለፈችው። ውብነሽ ከሁለት ዓመት በፊት ድረስ እዚሁ ሜሪላንድ፣ ሀያትስቪል ነበር የምትኖረው፣ ከዚህ ክፍል በመኪና ሃያ ደቂቃ። ሰፊ ቤት ተገኘ ብለው ነው ቴክሳስ የሄዱት። ሳሎኑ ስንት ሰው እንደሚይዝ፣ ጓሮው ስንት ክንድ እንደሆነ ተለክቷል፤ ይኼ ግን ለማንም ትዝ አላለው።

ከጠረጴዛው ሥር ቴክስት አደረገችላት። «ውቤ እንዴት ነሽ?» መልሱ ከቤቷ በድምፅ መጣ፤ ሽንት ቤት ገብታ ሰማችው። «ደህና ነኝ የኔ ማር። ትኩሳት የለኝም። ቅድም ተኝቼ ለልጁ ስም ሳወጣለት ነበር።»

ፀዲ ግድግዳውን ተደግፋ አለቀሰች።

ከዚያ የምሳ ደወሉን ሳትጠብቅ ወጣች። ብቻዋን ልትነግራት አልደፈረችም፤ ዝም ማለትም አልቻለችም። እናቷ ትብለጥ ቨርጂንያ ውስጥ፣ አሌክሳንድሪያ በአንድ የአረጋውያን መኖሪያ ወጥ ቤት ትሠራለች፤ በሺፍት ሰዓት ስልኳ ሎከር ውስጥ ነው። ስለዚህ ከሲልቨር ስፕሪንግ በሜትሮው ቀይ መስመር ተሳፈረች፤ መሃል ከተማ ላይ ወደ ቢጫው ቀየረች። ባቡሩ ከዋሻው ወጥቶ ፖቶማክን ሲሻገር ቀና አለች። ሁለት መቶ ጊዜ ያለፈችበት ድልድይ ነው። ከወንዙ ማዶ ቨርጂንያ ነው፤ ካርታው ላይ ሌላ ቀለም፣ ሌላ ሕግ። ባቡሩ ግን ፍጥነቱን እንኳ አልቀነሰም፤ አጠገቧ የተቀመጠው ሰውዬ ሳንድዊቹን መብላቱን ቀጠለ።

ልጅሽ መጥታለች ሲሏት ትብለጥ ሽርጧን እንደታጠቀች በኋላ በር እየተንደረደረች ወጣች። «ምን ሆንሽ? ክላስ የለሽም እንዴ? ማን ሞተ?»

«ማንም አልሞተም፣ ማሚ። ፕሊስ፣ መኪናው ውስጥ እንቀመጥ።»

አበሻን ቁጭ በል ማለት ራሱ መርዶ ነው። ትብለጥ እጇን ደረቷ ላይ አድርጋ ገባች። ፀዲ ሁሉንም ነገረቻት፤ የፈሰሰውን ውሃ፣ የዶክተሯን ጥያቄ፣ ካርታውን፣ በመጨረሻም የራሷን ጥፋት። ነገርን ከሥሩ፣ ውሃን ከጥሩ እንደሚባለው ምንም አላስቀረችም። የእናቷን ቁጣ እየጠበቀች አንገቷን ደፋች። ቁጣው አልመጣም።

ትብለጥ መሪውን ይዛ የመኪና ማቆሚያውን ግንብ ታያለች። «ያን ጊዜ ደስ ብሎኝ ነበር እኮ» አለች በመጨረሻ። «የፍርድ ቤቱን ዜና ስሰማ፣ ተመስገን ነው ያልኩት። የማላውቃቸው ሰዎች ጉዳይ ነበር የመሰለኝ። ውቤ ያኔ ዕቃዋን እየጠቀለለች ነበር፤ ቁጭ ብዬ ካርቶን ሳሽግላት ነበር።» ድምፅዋ ተሰበረ። «አሁንም ኃጢአት ነው ብዬ ነው የማምነው። ግን እህቴ እስክትታመም ድረስ...»

ዓረፍተ ነገሩን አልጨረሰችውም። እንባዋን በሽርጧ ጠረገችና «ደውይላት» አለች።

ውብነሽ ወዲያው አነሳች። ትብለጥ ቀደመች። «ውቤ፣ እንዴት ዋልሽ? እንዲያው በጣም ናፍቀሽኝ ነው። ለምን ጥቂት ቀን እኛ ጋ አትመጪም? ዛሬውኑ ቲኬት ልቁረጥልሽ።»

«አሁን? እረፊ ተብዬ?» ውብነሽ ሳቀች፤ ሳቋ ግን ተንቀጠቀጠ። «ፀዲ ነገረችሽ አይደል? ይህች ወሬኛ! ልጁ ደህና ነው፤ ልቡ ይመታል ተብያለሁ። ብቻ አሁን ትንሽ ብርድ ብርድ አለኝ። ሁለት ጋቢ ደርቤያለሁ፤ እንቅልፍ ከወሰደኝ ይለቀኛል።»

ፀዲና እናቷ ተያዩ። ብርድ ብርድ። ትብለጥ መዳፏን በአየር ላይ ወደ ታች ዘርግታ ቀስ፣ ቀስ የሚል ምልክት አሳየቻት። ምልክቱን ፀዲ ከልቅሶ ቤት በር ላይ ታውቀዋለች። አሁን አይነገራት፣ ለጊዜው ወደ ሐኪም ትሂድ፣ ሌላውን እኛ ጋ ስትመጣ፣ ሰው ባለበት እንነግራታለን ማለት ነው። በክፋት የተፈጠረ ልማድ አይደለም። ግን ትናንት ደረጃው ላይ አንደበቷን የያዘውም ይኸው ልማድ ነበር። ውብነሽ ምኑንም ሳታውቅ እንዴት ትወስን? መሄድም መቆየትም፣ መጠበቅም አለመጠበቅም የእሷ ነው፤ ዶክተሯ የተናገረችውም ለእሷ ነበር።

ፀዲ ስልኩን ከእናቷ እጅ ወሰደችው።

«ውቤ፣ እኔ ነኝ። ጎረቤትሽ ሉባባ ቤት ናት?»

«አለች። ለምን?»

«ቴክስት አድርጊላት፤ አሁኑኑ መኪናዋን ይዛ ትምጣ። ወደ ሆስፒታሉ ትመለሻለሽ። ብርድ ብርድ ካላት በፍጥነት ትመለስ ነው ያለችው።»

«ፀዲ፣ አታስፈራሪኝ።»

«ላኪላት፣ ፕሊስ። እጠብቅሻለሁ።»

በስልኩ ውስጥ ስክሪን ሲነካካ ተሰማ፤ ከዚያ «እየመጣች ነው» አለች ውብነሽ።

«እሺ። ትናንት ዶክተሯ ብዙ ነገር ተናግራ ነበር። እኔ የነገርኩሽ ጥቂቱን ብቻ ነው። ፈርቼ ነው፤ ብቻሽን ስለነበርሽ። አሁን ሁሉንም እነግርሻለሁ።»

የውብነሽ ጥርስ ሲንገጫገጭ ይሰማል።

«ልቡ ይመታል አላልሽኝም?»

«ይመታል። እሱ እውነት ነው። ግን ከተናገረችው ሁሉ አንዱ ብቻ ነው።»

የትብለጥ መዳፍ አሁንም አየር ላይ ነበር። ጥቂት ቆየና ወረደ፤ ወርዶም የፀዲን ጉልበት ጥብቅ አድርጎ ያዘ።

«ንገሪኝ» አለች ውብነሽ ከሩቅ።

ፀዲ ዓይኗን ጨፈነች። ዶክተሯ በተናገረችበት ቅደም ተከተል፣ ምንም ሳታጣፍጥ፣ ከመጀመሪያው ጀመረች።