ጥጡ ሲነካው

ያፌት በየቀኑ ከምሳ በኋላ ነርሷን ይጠብቃል። ክፍሉ ባንኮክ ከተማ ውስጥ፣ ቀዶ ሕክምናውን ካደረገበት ክሊኒክ ጀርባ አራተኛ ፎቅ ላይ ናት፤ አንድ አልጋ፣ አንድ የሩዝ መቀቀያ፣ በሠራ ቁጥር የመስኮቱን መስታወት የሚያንቀጠቅጥ አሮጌ የአየር ማቀዝቀዣ። ሰናይት ተብሎ እንደ ሴት ልጅ አድጎ፣ ያንን ስም ከተወ ሁለት ዓመቱ ነው። ደረቱ ጠፍጣፋ የሚሆንበትን ቀን ግን አሥራ አንድ ዓመት ጠብቆታል፤ በፋሻ እንደተጠቀለለ ሲያየው ማንም ሳያየው አልቅሷል። አሁን የቀረው አንድ ነገር ነው። ደረቱ እንዲሰማው ይፈልጋል።

ነርሷ ኖይ ጫማዋን በር ላይ አውልቃ ትገባለች፣ እጇን ትታጠባለች፣ ከጎኑ በተሰካው ቀጭን ቱቦ የወረደውን ፈሳሽ ለክታ ትደፋለች፣ በመጨረሻ ከማሸጊያው ጥጥ አውጥታ ደረቱን ትነካካለች።

«ይሰማሃል?»

«አይሰማኝም።»

«ይመጣል። ከዳር ወደ መሀል ነው የሚመለሰው። አትቸኩል።»

ከቀዶ ሕክምናው በኋላ በሦስተኛው ቀን ታናሽ እህቱ ትርሲት ከደብረ ብርሃን ደወለች። ከቤተሰቡ የምታናግረው እሷ ብቻ ናት። ከድምፅዋ ጀርባ አግዳሚ ወንበር ሲጎተት፣ ወንዶች ዝቅ አድርገው ሲያወሩ፣ አንዲት ሴት ጉሮሮዋ ደርቆ ስታለቅስ ይሰማ ነበር።

«ምንድን ነው እዚያ?»

«ጎረቤት ሰው ሞቶ ነው። አታውቀውም። አንተ ብላና ተኛ።»

የዚያን ዕለት የኖይ ጥጥ ከደረቱ ወርዶ የጎድን አጥንቱን ሲነካው አልታወቀውም። ሐኪሙ እብጠት ነው አለ። ያፌትም እብጠት ነው ብሎ ተኛ።

በሰባተኛው ቀን ቱቦው ሲወጣ ምንም አላመመውም፤ እንዲያውም ተገላገልኩ አለ። ከሰዓት በኋላ ሩዝ ሊጨልፍ ተነስቶ ሳለ ክፍሉን አንድ የሚያስጠላ የሚጠበስ ነገር ሽታ ሞላው፤ ዞር ዞር ብሎ ሲፈልግ የገዛ መዳፉ በጋለው መቀቀያ ላይ ተደግፎ አገኘው። እጁን አነሳና ቆዳው ሲላጥ ዝም ብሎ አየ። መደንገጥ እንዳለበት ያውቃል፤ ድንጋጤው ግን ከሩቅ ሰፈር እንደሚሰማ ወሬ ነበር። ከቃጠሎው ሽታ ሥር ሌላም ሽታ መጣ፤ አዲስ የተቆፈረ፣ እርጥብ አፈር። መታጠቢያ ቤቱን ቢያይ ሁሉም ንጹሕ ነው።

በአሥራ ሁለተኛው ቀን ትርሲት ስትደውል ከኋላዋ የቄስ ድምፅ ሰማ፤ የዚያችው ሴት ለቅሶም አብሮ ነበር። ያን ጊዜ ገባው። የታመመ ሰው መርዶ አይነገረውም፤ እስኪያገግም ይደበቃል፣ ኋላ ላይ ዘመድ ተሰብስቦ ማለዳ ይነግረዋል። ሦስት፣ ሰባት፣ አሥራ ሁለት፤ የሙት ቀን ነው የሚቆጠረው። እናቱ ሞታለች። እንደ ወንድ ልጇ አንድ ቀን እንኳ ሳትጠራው ሞታለች።

«እማዬን አገናኚኝ።»

«ያፌት፣ በማርያም ተው።»

«አሁን አገናኚኝ።»

ከዚያ ስልኩ ከእጅ ወደ እጅ ሲያልፍ ተሰማ፤ ያንን የደረቀ ጉሮሮ አወቀው። የምታለቅሰው እናቱ ነበረች። በሕይወት አለች። በደስታ ስልኩን ጆሮው ላይ ለጠፈው።

«አለሁ» አለ፣ የወንድ ሆርሞን መድኃኒቱ ባጎረነነው ድምፅ።

«እግዜር ይስጥህ ልጄ፣ ከሩቅ አገር ስለደወልክልኝ» አለች። «ሰናይትን ታውቃት ነበር?»

ሐዘንተኛ ስትናገር ዝም አይባልም። አፉ ከልጅነቱ ጀምሮ በየለቅሶ ቤቱ የለመደውን፣ እሱን ሳይጠይቅ መለሰ።

«አውቃት ነበር። ነፍሷን ይማር። እግዜር ያጽናዎት።»

«አሜን» አለች እናቱ።

ትርሲት ስልኩን ይዛ ወደ ጓሮ ወጣች። «አባባ ነው» አለች እያለቀሰች። «ሰው ልጅህ የት ደረሰች ሲለው መልስ አጣ። ሞተች ብሎ ድንኳን አስጣለ፤ እማዬም አመነችው። ሳጥኑ ውስጥ የድሮ ቀሚሶችህን ብቻ ነው የከተትኩት፣ በዚህ በእጄ። ብቻዬን አንስቼው ነበር እኮ። ከቤት ሲወጣ ግን ለስድስት ወንድ ከበደ።»

«መቼ ነው የተቀበረው?»

«አንተ ቀዶ ሕክምና የገባህ ዕለት።»

ስልኩ ተቋረጠ፤ መልሶ ደወለ። እማዬ፣ እኔ ነኝ፣ አልሞትኩም ሊላት ነበር። ስልኩ ጠርቶ ጠርቶ ተዘጋ። በማግስቱም፣ ከዚያም በኋላ እንዲሁ።

ከዚያ ወዲህ መደንዘዙ እግሩን፣ አንገቱን፣ ከንፈሩን አዳረሰ። ደሙ ተመረመረ፤ ደህና ነው። ቁስሉ ታየ፤ ኖይ እንዲህ ያማረ ጠባሳ አላየሁም አለችው። በመስታወት ውስጥ የሚያየው ሰው ዕድሜውን ሙሉ ሊሆን ሲመኝ የኖረው ሰው ነው፤ በጣቱ ሲነካው ግን ጣቱም ደረቱም ዝም ይላሉ። የአፈሩ ሽታ ትራሱ ላይ ተኝቶ ይነሳል።

በአርባኛው ቀን ከምሳ በኋላ ኖይ ገባች፤ ጫማዋን አወለቀች፣ እጇን ልትታጠብ ውሃውን ከፈተች። የያፌት ስልክ በራ። ትርሲት ናት፤ «ተዝካሩ አለቀ። አሁን መቃብሩ ላይ የድንጋይ ሐውልቱን እያስቀመጡ ነው» ይላል መልእክቱ።

ያን ጊዜ ደረቱ ዳር ላይ አንድ ነገር ተነሳ። ቀስ ብሎ፣ ልክ ኖይ እንዳለችው፣ ከዳር ወደ መሀል መጣ። ዓይኑን ጨፈነ። ከአርባ ቀን በኋላ የገዛ አካሉ ሲመልስለት እንባው ወረደ።

«ኖይ፣ መጣ» አለ። «ይሰማኛል። ቀዝቃዛ ነው። ትንሽ ቀለል አድርጊው፣ ከበደኝ።»

ኖይ ከመታጠቢያው ዞራ አየችው፤ እጇ ገና እርጥብ ነበር፣ ጥጡም ጠረጴዛው ላይ ከነማሸጊያው ተቀምጧል።